የሚጥል በሽታና የነርቭ ሕመም መድኃኒት ሲወስዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካርባማዜፒን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ሁለት ዓይነት ሕመምተኞችን በአንድ የመድኃኒት ቤት መስኮት ያገናኛሉ። አንዱ የሚጥል በሽታ ያለበት ወጣት ነው። ሌላዋ የስኳር ሕመም ሌሊት ሌሊት እግራቸውን የሚያቃጥላቸው፣ ወይም አልማዝ ባለጭራ ደርቆ ከጠፋ በኋላም ጎናቸውን የሚወጋቸው እናት ናቸው። በሚጥል በሽታ አንጎል፣ በነርቭ ሕመም ደግሞ የተጎዳው ነርቭ ያለልክ ምልክት ያስተላልፋል፤ መድኃኒቶቹ ለሁለቱም የሚታዘዙት ይህን ስለሚያረግቡ ነው። በፋርማሲስትነት ሥራዬ ደጋግሜ የማየው ጉዳት ከመድኃኒቱ ይልቅ ከአወሳሰዱ የሚመጣው ነው፤ ከዚያም ውስጥ የከፋው ሐኪሙ ሳያውቅ የሚደረገው።

"ካልጣለው ቆየ" ብሎ ማቆም

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። አንዲት እናት ልጃቸው ለሚጥል በሽታ የሚወስደውን የፊኖባርቢታል ባዶ ማሸጊያ ይዘው ይመጣሉ። "ልጄ፣ ካለቀበት ሳምንት ሆነው። ግን ስድስት ወር ሙሉ አልጣለውም፤ ድኖ ይሆን እንዴ?" ይላሉ። "እማማ፣ ያልጣለው እኮ ይህን ስለዋጠ ነው" ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

እነዚህ መድኃኒቶች በሽታውን ከሥሩ አይነቅሉትም፤ በየቀኑ ይገቱታል እንጂ። ለወራት ፊኖባርቢታል የለመደ አንጎል በድንገት ሲከለከል ቀድሞ ከነበረው በባሰ ኃይል ሊነሣ ይችላል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳይለቅ ሌላው እየተተካ ሕመምተኛው ራሱን ሳያውቅ የሚቆይበት፣ ሕይወት የሚያጠፋ ሁኔታ ይመጣል። ሐኪሞች ስለ ማቆም ማሰብ የሚጀምሩት በአብዛኛው በሽታው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሳይጥል ከቆየ በኋላ ነው፤ ያኔም መጠኑን በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው የሚያስቆሙት። የሚጥል በሽታ ሳይኖርባቸው ለነርቭ ሕመም የሚወስዱትም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ሲቆሙ ቢያንስ በአንድ ሳምንት ውስጥ እየተቀነሱ መሆን አለበት። በአንድ ጊዜ ያቆመ ሰው እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ያገኘዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ከዚህ በፊት ጥሎት የማያውቀው ሰው ሆኖ ሳለ ሊጥለው ይችላል።

ጸበል የሚሄዱ ሕመምተኞች ጉዳይ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ችግሩ ጸበሉ አይደለም፤ ጸበል ለመጠመቅ መድኃኒት መተው አለብኝ ብሎ ማሰቡ ነው። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለሚጥል በሽታም ይኸው ይሠራል። ለሰባት ቀንም ለአርባ ቀንም የሚሄድ ሰው ለዚያ ጊዜ የሚበቃውን መድኃኒት ይዞ ይሂድ፤ አብሮት የሚሄደውም ሰው ሰዓቱን ያስታውሰው። ከውኃው አጠገብ ደግሞ ብቻውን አይተው።

መድኃኒቱ ስላለቀ የሚያቋርጥም ብዙ ነው። የመጨረሻዋ ፍሬ እስክትዋጥ አይጠብቁ፤ የሳምንት ያህል ሲቀርዎ ይምጡ። ከተማው ውስጥ ከጠፋም እንዲደርስ ብለው ሁለቱን ፍሬ ወደ አንድ፣ አንዱን ወደ ግማሽ አይቀንሱ። ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ሊተካው ይችላል፤ የመተካቱን መንገድ የሚያውቀው ግን እርሱ ነው።

ሲያም ብቻ መውሰድ

የነርቭ ሕመም መድኃኒት ራስ ምታት ሲነሣ እንደሚዋጠው ፓራሲታሞል አይደለም። በዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ጥቅሙን ለማየትም ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሦስት ቀን ውጠው "ምንም አላደረገልኝም" ብለው የሚተዉት ሰዎች መድኃኒቱን በትክክል አልሞከሩትም። ቶሎ እንዲሠራ ብለው በገዛ እጃቸው የሚጨምሩት ደግሞ ተንገዳግደው ይወድቃሉ፤ ለአረጋውያን እንዲህ ያለው ውድቀት የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት የተለመደ ስለሆነ ባጃጅም ሆነ መኪና የሚያሽከረክር ሰው ሰውነቱ እስኪለምደው ከመሪው ይራቅ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ማሽከርከርን በተመለከተ ግን መድኃኒቱን መልመዱ ብቻ አይበቃም፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ሰዓቱን ማዛባት

ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ለወላጆቻቸው መድኃኒት ሲያስረዱ በቀላሉ የሚፈጠር ስህተት አለ። ልጅ ስልክ ላይ "ስምንት ሰዓት ላይ ውሰጂ" ትላለች፤ በምትኖርበት አገር አቆጣጠር የጠዋቱ ስምንት ማለቷ ነው። እናት በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ላይ ይወስዳሉ። የጠዋቱ ወደ ከሰዓት በኋላ ይሸሻል፤ የማታውም እንዲሁ ወደ ሌሊት ስለሚሸሽ ብዙዎች ተኝተውበት ያልፋል። በሳጥኑ ላይ በትልቁ "ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ማታ ሲተኙ" ብሎ መጻፍ ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ ነው።

ጋባፔንቲን ለሚጥል በሽታ በቀን ሦስት ጊዜ ሲታዘዝ በሁለት ፍሬዎች መካከል ያለው ጊዜ ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለጾመኛ ይህ ፈተና ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያን ጠዋት በውኃ መዋጥ እንደሚችል የንስሐ አባቱን ያማክር። ረመዳንን የሚጾም ሙስሊም ደግሞ ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ቢያነጋግር በኢፍጣርና በሱሁር ብቻ ወደሚወሰድ አወሳሰድ ሊቀየርለት ይችል ይሆናል፤ ካልተቻለ ግን ለሕመምተኛ የተሰጠውን ያለመጾም ፈቃድ መጠቀም እንጂ የቀኑን ፍሬ መዝለል መፍትሔ አይደለም።

የረሱትን ፍሬ እንዳስታወሱ ይውሰዱት። የሚቀጥለው ሰዓት ከቀረበ የተረሳውን ይተዉት፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መዋጥ ግን በፍጹም አይገባም።

ሌላ ሕክምና ሲፈልጉ ስለዚህኛው አለመናገር

ብዙ ሰው የሚጥል በሽታውን ይደብቃል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትዳር አለ፣ ሥራ አለ፣ የጎረቤት አፍ አለ። ከጎረቤት መደበቅ መብት ነው። ከሚያክም ባለሙያ መደበቅ ግን አደጋ አለው፤ ፊኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉና።

በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዶሉቴግራቪር ከእነዚህ ጋር ሲወሰድ ኃይሉ ስለሚቀንስ በቀን አንድ ጊዜ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል። ይህን ሳያውቁ መቀጠል ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ መንገድ መክፈት ነው። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተምም ሊዳከም ይችላል። የቲቢ ሕክምና ውስጥ ያለው አይሶኒያዚድ በተቃራኒው ፌኒቶይንንና ካርባማዜፒንን ደም ውስጥ ያከማቻል፤ ሰውየው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትና እንደ ሰካራም መንገዳገድ ይጀምራል። ሁሉም መፍትሔ አለው፤ ሐኪሙ መጠን ያስተካክላል ወይም ሌላ ይመርጣል። ካልነገሩት ግን የሚያስተካክለው ነገር የለም።

የወሊድ መከላከያ ኪኒንና በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም በእነዚሁ መድኃኒቶች ይዳከማሉ። የሦስት ወሩ መርፌና ሉፕ ግን አይነኩም።

የሕመም ማስታገሻው ትራማዶልና አንቲባዮቲኩ ሲፕሮፍሎክሳሲን ደግሞ በሌላ መንገድ ይጎዳሉ፤ የመጣል ዕድሉን ራሱን ከፍ ያደርጋሉ። ለጥርስ ሕመምም ሆነ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲታከሙ የሚወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ ስሙን ከማስታወስ ያድንዎታል። ለጨጓራ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ጋባፔንቲኑን ከእርሱ ሁለት ሰዓት ያህል አርቀው ይዋጡት።

ኩላሊትን መርሳት

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚወገዱት በኩላሊት በኩል ነው። ለረጅም ዓመት የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ ማለትም እግራቸው የሚያቃጥላቸው ብዙዎቹ፣ ኩላሊታቸውም ሊዳከም የሚችል ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ ከሌላው ሰው ያነሰ መጠን ይታዘዛል፤ ለዚህም የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ሕመሙ አልቆም ሲል ከሱቅም ከጎረቤትም ዳይክሎፌናክ እየተገዛ ይጨመራል። ዳይክሎፌናክ ለነርቭ ሕመም ብዙም አይረዳም፤ የተዳከመ ኩላሊትን ግን የበለጠ ይጎዳል፤ ጋባፔንቲኑም ሳይወጣ ደም ውስጥ ይቀራል። ሰውየው ቀን ቀን ሲያንቀላፋ፣ ቃላት ሲያምታታ ቤተሰብ "እርጅና ነው" ይላል። እርጅና ላይሆን ይችላል።

ከመጠጥና ከሚያደነዝዙ መድኃኒቶች ጋር ማደባለቅ

በታኅሣሥ 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ትንፋሽን እስከ ማዳከም ሊደርሱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። በተለይ ከሞርፊን መሰል ማስታገሻዎችና እንቅልፍ ከሚያመጡ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ፣ እንዲሁም በአረጋውያንና የሳንባ ችግር ባለባቸው ሰዎች ላይ። አረቄና ጠጅም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ለዚህ ነው የራስን ፕሪጋባሊን "እኔን ረድቶኛል" ብሎ ለጎረቤት ማካፈል ደግነት የማይሆነው፤ ጎረቤትዎ ሌላ ምን እየወሰዱ እንደሆነ አያውቁም።

ለሚጥል በሽታ ደግሞ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ቀስቃሽ ነው። ሌሊቱን ጫት ላይ ማደር ወይም በሠርግ ሰበብ ሳይተኙ ማንጋት መድኃኒቱን በትክክል የወሰደንም ሰው ሊጥል ይችላል።

እርግዝና ከመጣ በኋላ ማሰብ

ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሶዲየም ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት በ1ዱ ገደማ ላይ የአካል ጉድለት፣ ከ10 በ3 እስከ 4ቱ ላይ ደግሞ የአእምሮ እድገት ችግር ያስከትላል። ስለዚህ መውለድ የምትችል ሴት ይህ መድኃኒት ከታዘዘላት ሌላ አማራጭ መኖሩን ከማርገዟ በፊት መጠየቅ አለባት። ፎሊክ አሲድም የሚጀመረው ከእርግዝና በፊት ነው። ማርገዟን አውቃ በድንጋጤ መድኃኒቱን በዚያው ቀን የምታቆም ሴት ግን ራሷንም ፅንሱንም ለአደጋ ታጋልጣለች። መድኃኒቱን እየወሰደች በፍጥነት ወደ ሐኪሟ ትሂድ።

ሽፍታን ንቆ መተው

ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይን፣ ፊኖባርቢታል ወይም ላሞትሪጅን ከተጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ወራት የሚወጣ ሽፍታ፣ በተለይ ትኩሳት ካለው ወይም አፍና ዓይን ከቆሰሉ፣ የቆዳ ቅባት ተቀብቶ የሚታለፍ አይደለም። ቆዳን የሚገፍፍ ከባድ የመድኃኒት ቁጣ ሊሆን ስለሚችል የሚቀጥለውን ፍሬ ሳይውጡ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የጠባይ ለውጥም ይታይ፤ ዝም ማለት፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ራስን ስለማጥፋት መናገር ከጀመረ ቤተሰብ ለሐኪሙ ይንገር።

ሲጥለው ክብሪት ማሽተትና መድኃኒት በአፍ መጨመር

ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማሽተት በሽታውን አያቆመውም፤ ያቃጥላል እንጂ። ራሱን ያላወቀ ሰው አፍ ውስጥ ማንኪያም፣ ውኃም፣ ያመለጠችው ፍሬም አይገባም፤ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ከእሳትና ከስለት ያርቁት፣ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ኮት ያድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲረግብ በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ንክኪ በሽታውን አያስተላልፍም።

ለሰው መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ መያዝ

ይህ በተለይ ወደ ዓረብ አገር ለሚጓዙ ነው። ፕሪጋባሊን በሳዑዲ ዓረቢያና በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ በእንግሊዝም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ፕሪጋባሊንና ጋባፔንቲን ቁጥጥር ውስጥ ገብተዋል። "ለእህቴ አድርስልኝ" ተብሎ የተሰጠ፣ ማዘዣ የሌለው ማሸጊያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢገኝ ተጠያቂው ሻንጣው የተገኘበት ሰው ነው። የሌላ ሰው መድኃኒት አይያዙ። የራስዎ ከሆነ ከመነሣትዎ በፊት የሚሄዱበትን አገር ደንብ ጠይቀው የቅድሚያ ፈቃድ ካስፈለገ ያውጡ፤ በፓስፖርትዎ ስም የተጻፈ ማዘዣና የሐኪም ማስረጃ በእንግሊዝኛ ያሠሩ፣ ፍሬዎቹንም ከነዋናው ማሸጊያቸው በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ሻንጣ ቢዘገይ ወይም ቢጠፋ የሁለት ቀን መድኃኒት አብሮ እንዳይጠፋ።