ዘጌ በጀልባ፦ ጠዋት ካልሆነ ይቅርባችሁ

ባሕር ዳር ስለምኖር ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሁሉ ጣና ውስጥ ገባ ወዳለው፣ ገዳማት ወደበዙበት ባሕረ ገብ መሬት «ዘጌ ውሰጂን» ይለኛል። እሺ እላለሁ፤ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ወደቡ ላይ ያልተገኘ ሰው አልጠብቅም። ጣና ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያላትማት ከፊት የተቀመጠው በውሃ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ሳያልፍ ለመመለስ ተነሱ።

ጀልባ በኮንትራት ያዙ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? የት የት ይቆማል፣ ምን ያህል ይጠብቃል? ሞተሩ ሳይነሳ ተነጋገሩ። «ችግር የለም፣ እንስማማለን» የሚለውን ትታችሁ ወደ ቀጣዩ ባለጀልባ እለፉ። ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት። መቀመጫ እንደምታደርጉት አውቃለሁ።

ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚያው አቅጣጫ የደሴት ገዳማቱ እንጦስ ኢየሱስና ክብራን ገብርኤል አሉ። ክብራን ሴት አይገባም፤ ወንዶቹ ሲሳለሙ እኛ ጀልባ ላይ ፀሐይ ይቆላናል። ከእናቶች ጋር ከሆናችሁ እንጦስ ይሻላል። የዳጋ እስጢፋኖስንና የደቅን ደሴቶች በዚሁ ቀን ጉዞ ላይ አትደርቡ፤ ሩቅ ናቸው።

ዘጌ ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ያልፋል። ድንጋያማ ነው፤ ሸበጥ አይሆንም። በለቀማ ወቅት ቡናው ደጃፍ ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ጥሬ ቡና ስትገዙ እፍኝ አንስታችሁ እዩ፤ ደህና ካልደረቀ አይረባም።

ነጠላ ያዙ፣ ጫማ በር ላይ አውልቁ፣ በፍላሽ ፎቶ አታንሱ። እያንዳንዱ ገዳም ለብቻው ያስከፍላል፤ ዝርዝር ብር ይኑራችሁ። የዑራ ቤተክርስቲያን ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሞልቷል። ልጆች ካሉ ከሥዕሎቹ መካከል በላዔ ሰብእን አስፈልጓቸው። ያን ሁሉ ሰው የበላው ሰውዬ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለማኝ የሰጣት ጥርኝ ውሃ ሚዛን ስትደፋለት ታሪኩን ከአስጎብኚው በላይ የሚተርክላችሁ አያት አይጠፋም።

ስትመለሱ በደብረ ማርያም ደሴት በኩል እለፉ፤ ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚያ ነው። ጉማሬ ከታየ ባለጀልባውን «ጠጋ በል» አትበሉት። ዳር ላይ የደንገል ታንኳ ዛፍ ተደግፎ ይቆማል፤ ደንገሉ የጠጣው ውሃ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። ካልደረቀ ከብዶ አይቀዘፍም።

ምሳ ከተማ ገብታችሁ ጥብስ ዓሣ ብሉ። ባለጀልባው ለነዳጅ ቀብድ ቢጠይቅ ስጡት፤ ቀሪውን ግን ወደብ ሳትወርዱ አትክፈሉ።