እንጨት በመርከብ ስንጭን የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

አጣና እስከ ላይ ቆልሎ የሚከንፍ አይሱዙ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። መርከብ ላይ የሚቆለል ጣውላም እንደዚያው በማሰሪያው ይኖራል፤ እዚያ ግን መንገዱ ራሱ ይናወጣል። እንጨት ደግሞ ከተጫነ በኋላም ይለወጣል። ብዙው ጥፋት የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

አንዱ ስህተት ወደብ ላይ የተሰላውን ሚዛን እስከ መጨረሻው ማመን ነው። ከላይ ያለው እንጨት ዝናብና የባሕር ውሃ ይጠጣል፤ ክብደቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። ከታች ያለው ነዳጅ ደግሞ በየቀኑ ይቀንሳል። ላይ ከበደ፣ ታች ቀለለ ማለት ነው። ስለዚህ ለመነሻው ቀን ብቻ ሳይሆን ለመድረሻውም አስሉ።

በረዶ የያዘ ወይም በላስቲክ የተጠቀለለ ጣውላ ያንሸራትታል። በረዶውን ሳያራግፉ፣ በእስሮቹ መካከል ክፍተት ትቶ መደርደርም ስህተት ነው።

አንዴ አስሮ መተኛትስ? ማታ እንደ ክራር ክር የተወጠረው ሰንሰለት ጠዋት በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል። ማንም አልፈታውም። መርከቡ ሲናወጥ እንጨቱ ተጠጋግቶ ዝቅ ስለሚል ማሰሪያው ይረግባል። በተለይ ከወደብ እንደወጣችሁ ዞራችሁ አጥብቁ፤ ማዕበሉ ከመጣ በኋላ ቁልሉ ላይ መውጣት በሕይወት መጫወት ነው። በጥር 2008 እ.ኤ.አ. «አይስ ፕሪንስ» የተባለችው መርከብ ከ5,000 ቶን በላይ ጣውላ ይዛ ከእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ ወዲያ ሰጠመች። በማዕበል መካከል ጭነቷ ተንሸራቶ አጋድላ ነበር። 20ዎቹም መርከበኞች ተረፉ፤ ጣውላው ግን ዎርዚንግ የባሕር ዳርቻ ላይ ተከመረ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የታችኛው ጭነት ክፍል ነው። ክዳኑ ሲከፈት የትኩስ እንጨት ሽታ ደስ ይላል። ሰው ምንም አይጠረጥርም። እንጨቱ ግን በተዘጋ ቦታ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፤ የጭነት ክፍሉን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውን የመውረጃ ደረጃ አየርም ጭምር። የሚወርደው ሰው ሳይጮህ ይወድቃል። ጓደኛው «ምን ሆነ?» ብሎ ይከተለዋል፤ እሱም ይወድቃል። አየር ሳታስገቡ፣ በመሣሪያ ለክታችሁ ኦክስጅኑ ወደ 21 በመቶ መሆኑን ሳታዩ አትውረዱ። ሰው ወድቆ ብታዩም አንጀታችሁ እየተላወሰ ከላይ ቆዩ፤ ደወሉን አሰሙ፣ የመተንፈሻ መሣሪያ ያጠለቀ ሰው ይውረድ።