መጽሐፉን ከሙከራው በኋላ ግለጡት

ለሳይንስ አስተማሪዎች አንዲት ነገር ልጠቁም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ምንባቡን እናስነብባለን፤ ሙከራው የሚመጣው ጊዜ ከተረፈ ነው። እስቲ ገልብጣችሁ ሞክሩት።

ሁለት ብርቱካንና አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። አንዱን ላጡት፣ ሌላውን ከነልጣጩ ተዉት። ውሃው ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ግን እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። «ምክንያቱም» የምትለዋ ቃል ካልገባችበት አትቀበሉ። «የተላጠው ይንሳፈፋል፣ ምክንያቱም ይቀላል» የሚል ብዙ ነው። ከዚያ ጨምሩት። የተላጠው ይሰምጣል፤ ከነልጣጩ ያለው ላይ ይቀራል። ክፍሉ ይንጫጫል። ይንጫጫ!

አሁን የደብተራቸውን ገጽ ለሁለት ይክፈሉት። በአንድ በኩል «ያየሁት»፣ በሌላው «የመሰለኝ»። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። «ልጣጩ አየር ስላለው ተንሳፈፈ» ብሎ «ያየሁት» ሥር የሚጽፍ አይጠፋም። «አየሩን አይተኸዋል?» በሉት። ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ ራሱ ሰርዞ ወደ ማዶ ያሻግረዋል።

ምንባቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ዴንሲቲ» (አንድ ነገር ከሚይዘው ቦታ አንጻር ያለው ክብደት) የሚለው ቃል አሁን የሚያርፍበት ቦታ አግኝቷል። ልጣጩ ክብደት ጥቂት፣ ይዘት ግን ብዙ እንደሚጨምር ሲያነቡ ብርቱካኑ ዓይናቸው ላይ አለ። ከግምታቸው ጋር የሚጋጨውን ዓረፍተ ነገር ያስምሩበት።

የፊደል ግድፈቱን ለዛሬ እለፉት። የተሳሳተውን ግምትም በላጲስ እንዳያጠፉት፤ እዚያው ይቀመጥ።