በወሎ አሮጌ ጠመንጃና ጥይት የሚወድ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጠመንጃ ታሪክ ወዳድ እንደ ወሎ ያለ አገር የለም። የእንግሊዝ ጦር ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጊያ ላይ ያዋለው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ነው። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘማች የከተተው ወረኢሉ ነው። በ1928 ዓ.ም. ደሴ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ማዘዣ ነበረች። ጦር ባለፈ ቁጥር መሣሪያ ይቀራል። አንዱ ቤት ውጅግራ አለ፣ ሌላው ቤት ምንሽር ወይም በልጅግ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የአሜሪካው ኤም ዋን (ጋራንድ) እና ክላሹ መጣ።

ለሰብሳቢ ይህ ሲሳይ ነው። ግን ጠመንጃው ከአያት ሲወረስ ጥይቱ አብሮ አይወረስም። ጥይቱ ከየትም ተፈልጎ ይመጣል። አብዛኛው ስህተት የሚሠራውም እዚያ ላይ ነው።

«ከገባች ትሆናለች» ማለት

ወጣቱ የወረሰውን ጠመንጃ ይዞ ጎረቤት ያሉትን ሽማግሌ ይጠይቃል። «አያ፣ ይቺ ጥይት ትሆነዋለች?» እሳቸውም «አስገባና እያት፤ ከገባች ትሆናለች» ይሉታል። ከዚህ የባሰ ምክር የለም። የሚገባ ጥይት ሁሉ የሚተኮስ አይደለም።

የጥይት ስም ቢያንስ ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው በግምት የአረሩ ውፍረት ነው፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት፤ ሁለቱም በሚሊሜትር። ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ይተዋል። «ሰባት ነጥብ ስልሳ ሁለት» ብሎ ይጠይቃል፣ «ሰባት ነጥብ ስልሳ ሁለት» ይሰጡታል። የክላሽ ጥይት 7.62×39 ነው። የኤም 14 እና የጂ 3 ጥይት 7.62×51 ነው። የድራጉኖቭ 7.62×54 ሲሆን ቂጡ ላይ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው። የኤም ዋን ደግሞ 7.62×63 ነው። አራቱም «ሰባት ነጥብ ስልሳ ሁለት» ናቸው። አንዱም የሌላውን ቦታ አይተካም።

ሊሆን የሚችለውን ተመልከቱ። 7.62×51 ጥይት ኤም ዋን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን በ12 ሚሊሜትር ያጥራል። ሲተኮስ ቀለሁ ከፊቱ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ይለጠጣል። ሊቀደድም ይችላል። ያን ጊዜ ወደፊት መሄድ የነበረበት ትኩስ ጋዝ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ወፍራም አረር በጠባብ በርሜል ከተተኮሰ ደግሞ ይብሳል። ግፊቱ ከመጠን በላይ ይወጣና ብረቱ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል።

የስምንት ሚሊሜትሩ ነገር ከዚህም የተወሳሰበ ነው፣ በተለይ ለእኛ አካባቢ። የኦስትሪያው ማንሊከር፣ ማለትም የእኛ ምንሽር፣ የመጀመሪያ ጥይቱ 8×50 ነው። የፈረንሳዩ ሌበልም 8×50 ይባላል። ሁለቱም ቂጣቸው ባለ ጠርዝ ነው። ቁጥራቸው አንድ፣ ቀለሃቸው ግን ቅርጹ የተለያየ። ማንሊከሩ ውስጡም አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ ኦስትሪያና ሃንጋሪ ብዙዎቹን ጠመንጃዎች ለ8×56 ጥይት ቀይረዋቸዋል። ስለዚህ ሁለት መንታ የሚመስሉ ምንሽሮች ሁለት የተለያየ ጥይት ሊጠይቁ ይችላሉ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ መዝጊያው በእጅ የሚሳብ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ይመስለዋል። በልጅግንም የጣሊያኑን ካርካኖንም እንደዚያው ይጠራል። እንዲህ ተብሎ የተገዛ ጥይት ምን እንደሚሆን አስቡት።

በልጅግ ከቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የመጣ ማውዘር ነው። ጥይቱ 7.92×57 ነው። ይህም «ስምንት ሚሊሜትር» ይባላል። ከቀደሙት ጋር ዝምድና የለውም። በማውዘሩ ውስጥም ቢሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጀርመኖች በ1888 እ.ኤ.አ. ሲጀምሩ የአረሩ ውፍረት 8.08 ሚሊሜትር ነበር። በ1905 ወደ 8.20 አሳደጉት። ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ መስተካከሉ ሳይረጋገጥ አዲሱን ጥይት ማጉረስ የለበትም።

መፍትሔው አሰልቺ ነው ግን ቀላል ነው። በርሜሉና መጉረሻው አካባቢ የተቀረጸውን ምልክት አንብቡ። የቀለሁን ርዝመት ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለኩ። የጦር መሣሪያ ባለሙያ አሳዩ። ምልክቱ ከጠፋና ባለሙያውም ካልተማመነበት ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። ተሰቅሎም ያምራል።

ውጅግራን እንደ ዘመናዊ ጠመንጃ ማየት

ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ የ11 ሚሊሜትር ትልቅ የእርሳስ አረር የሚተኩስ። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ ጦር ሜዳ ላይ የመጣው ከሌበል ጋር በ1886 እ.ኤ.አ. ነው። ግፊቱ ከጥቁሩ እጅግ ይበልጣል። በዕውር ድንበር ቀለህ ሞልተው የሚሸጡ ሰዎች ግን ይህን አይለዩም። «ባሩድ ባሩድ ነው» ይላሉ። ከ140 ዓመት በላይ የቆየ ብረት ይህን አይችልም። በእጅ የተሞላ ቀለህ ካያችሁ ማን እንደሞላው፣ በምን እንደሞላው አታውቁም። ስለዚህ አትተኩሱት።

ከጦርነት ቦታ መልቀም

ይሄኛው ላይ ቀልድ የለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከቆቦና ከወልድያ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ማሳ ውስጥ፣ ገደል ሥር፣ ምሽግ በነበረበት ሁሉ ብዙ ነገር ቀርቷል። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ምሽግ ለምሽግ መዞር ያምረዋል። ቀለህ ፍለጋ የሄደ እጁ የሚያገኘው ግን ቀለህ ብቻ አይደለም። ያልፈነዳ የእጅ ቦምብ፣ የአርፒጂ ተተኳሽ፣ የሞርታር ጥይት አብሮ አለ። የተተኮሰና ያልፈነዳ ነገር ካልተተኮሰው የበለጠ አደገኛ ነው፤ መቀጣጠያው ሥራውን ጀምሮ መሃል ላይ የቆመ ሊሆን ይችላልና።

አትንኩ። ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጉና ለፖሊስ ወይም በአቅራቢያ ላለ መከላከያ ተናገሩ። ልጆች ካመጡላችሁ ደግሞ አትግዟቸው። ለአንድ ቀለህ አንድ ብር የሰጠ ሰው ነገ ልጁን ወደ ምሽግ ይልከዋል።

ጥይትን ዝናር ውስጥ አንጠልጥሎ ማኖር

የአባት ዝናር ከነጥይቱ ግድግዳ ላይ ሲታይ ደስ ይላል፤ እንግዳም ያደንቀዋል። ቆዳው ግን ናሱን ይበላዋል። ቆዳ የሚለፋበት ነገር ከናስ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ዝናሩን ለብቻው፣ ጥይቱን ለብቻው አኑሩ። ለግድግዳ ውበት ከፈለጋችሁ የተተኮሰ ባዶ ቀለህ ሰኩበት።

የከብት ነገርም አለ። በገጠር ቤት ከብት ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራል። ጥይቱ ደግሞ ከግርግሙ በላይ ቆጥ ላይ ይቀመጣል፤ ሌባ አያየውም ተብሎ። የሚገርመው ይህ ችግር በታሪክ የታወቀ ነው። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ጥይታቸው ሳይነካ ቀለሁ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ጥይቱ የሚቀመጠው ፈረሶች አጠገብ ነበር። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. ተብራራ፤ ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ ናስን ይሰነጥቃል። የወሎ ክረምት፣ በተለይ የጦሳ ተራራ ጉም የሚወርድበት የደሴ አካባቢ፣ እርጥበት አይጎድለውም። አንገቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ያለው ቀለህ ካያችሁ አትተኩሱት።

ጥይት የሚወደው ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ሙቀቱ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። ቆላ ላሉት፣ ለቆቦና ለከሚሴ ሰዎች፣ የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለው ኮርኒስ ጥሩ አይደለም። ምድጃ አጠገብማ አይነሳም። በቁልፍ የሚዘጋ ሣጥን፣ ከጠመንጃው የተለየ፣ ልጅ የማይደርስበት።

በላምባ ብቻ ማጽዳት

ተኩሶ ሲያበቃ በላምባ የረጠበ ጨርቅ ሰዶ፣ ዘይት ቀብቶ «ጸዳ» የሚል ብዙ ነው። ለጥላሸቱ ላምባው ይበቃል። የብዙው አሮጌ የጦር ጥይት ካፕሱል ግን፣ ያቺ በቀለሁ ቂጥ መሃል ያለችው ክብ፣ ስትቀጣጠል በርሜል ውስጥ ጨው ትተዋለች። ጨው በላምባም በዘይትም አይሟሟም። ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ከሥር ብረቱን ይበላል። በሳምንቱ ስታዩት ውስጡ ቀይ ነው። ጨው የሚፈታው ውኃ ነው። መሣሪያው ባዶ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ፣ ሙቅ ውኃ አሳልፉበት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ዘይት። ሽማግሌዎች «ውኃ ብረት ያዝጋል» ብለው ይቆጣሉ። አብሽሩ፣ በደንብ ከደረቀ አያዝግም።

ትልቁ ጥይት ይበልጣል ብሎ መምረጥ

ካሊበር (የጥይት መጠን) ምርጫ ላይ ወንድነት ይገባል፤ ነገሩም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የክላሽ አረር 8 ግራም ገደማ ነው፣ በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ይወጣል። የማውዘሩ ከባድ አረር 12.8 ግራም ነው፤ ፍጥነቱም ይበልጣል። ልዩነቱ ትከሻ ላይ ይታወቃል። በ100 ሜትር ኢላማ ለሚተኩስ ሰው ያ ሁሉ ጉልበት ምንም አይጨምርለትም። የሚጨምርለት ቃታ ሲስብ ዓይኑን መጨፈን ነው። አንዴ የለመደ ሰው ያን ልማድ መተው ይቸገራል።

ከጉልበቱ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጥይቱ በሕጋዊ መንገድ ይገኛል ወይ? በርሜሉ ውስጥ ጥምዝምዙ በደንብ ይታያል ወይ? ክሊፕ የሚባለው ጥይት አቃፊ ቆርቆሮ አብሮት አለ ወይ? የመጨረሻው ይረሳል። ካርካኖ ስድስት፣ ኤም ዋን ስምንት ጥይት በክሊፕ ነው የሚጎርሱት። ክሊፑ ከሌለ አንድ አንድ እያሉ ማጉረስ ነው። ስንቱ ክሊፕ እንደ ቁራጭ ቆርቆሮ ተጥሏል! ለሰብሳቢ እሱ ራሱ ዕቃ ነው።

ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ መተኮስ

ወደ ላይ የወጣ ይወርዳል። አሜሪካኖች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሞክረውታል። ቀጥ ብሎ የወጣ አረር ሲመለስ በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህ የራስ ቅል ይሰብራል። ዘንበል ብሎ የተተኮሰው ደግሞ ፍጥነቱን ይዞ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ከገደሉ ማዶ ሁልጊዜ መንደር አለ።

አብሪ ጥይት ከሆነ እሳትም አለበት። ታኅሣሥ ላይ አውድማው በክምር የተሞላ ነው። የሶቪየቱ አብሪ ጥይት ጫፉ አረንጓዴ ነው፤ የአሜሪካው ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው። በሶቪየቱ ደግሞ ቀይ ጫፍ ተቀጣጣይ ማለት ነው። ቀለም ያለበትን ጥይት የየት አገር እንደሆነ ሳታውቁ አትተርጉሙት፤ አትተኩሱትም።

ያልፈነዳን ጥይት ወዲያው መክፈት

ቃታ ተሳበ፣ ቀጭ ብቻ አለ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። አሮጌ ካፕሱል ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ከሆነ ደግሞ አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አውጥታችሁ ውስጡን ሳታዩ ሁለተኛ አትድገሙ።

ፈቃድን እንደ ትርፍ ነገር ማየት

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃንም ጥይትንም በፈቃድ ሥር አድርጓል። «የአያቴ ነው» ፈቃድ አይሆንም። ገበያ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የሚሸጥ ጥይት ዋጋውም ጥራቱም ጥያቄ ነው፤ ሕጉማ ግልጽ ነው። ስብስባችሁ ባዶ ቀለህ ብቻ ቢሆንም አስቀድማችሁ ፖሊስ ጣቢያ ጠይቁ። ኬላ ላይ ከማስረዳት ይቀላል።

ቀለህን ማወልወል

ሰብሳቢዎች በብዛት የሚሠሩት ይህንን ነው። አሮጌ ቀለህ ሲያገኙ በአሸዋና በሎሚ ፈትገው ወርቅ ያስመስሉታል። አብሮ የሚጠፋው ቂጡ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ዋጋው ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። የሶቪየት ጥይት ላይ 17 ካለ ባርናውል፣ 60 ከሆነ የዛሬዋ ቢሽኬክ፣ 539 ከሆነ ቱላ ነው የተሠራው። ሌላው ቁጥር ብዙ ጊዜ ዓመቱ ነው። የቤልጂየሙ «ኤፍ ኤን» ከነዓመቱ ይጻፋል። የሌበል ቀለህ ቂጡ ላይ በካፕሱሉ ዙሪያ ክብ ቦይ አለው። ሌበል ጥይቱን በቱቦ ውስጥ ተከታትሎ ስለሚይዝ የኋለኛው ሹል አረር የፊተኛውን ካፕሱል እንዳይወጋ የተቆፈረ ነው። በአሸዋ የተፈተገ ቀለህ ላይ ይህን ሁሉ ላታገኙት ትችላላችሁ።

በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ጥረጉ። እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ ለይታችሁ አስቀምጡ። ላዩ ላይ የት እንደተገኘ፣ ከማን እንደተሰጣችሁ፣ የቀለሁን ርዝመትና የቂጡን ጽሑፍ በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ በክረምት ይፈሳል።