ልጆቼ ሱባ ጫካ ማደርን እንዴት ወደዱት

ባለፈው መናገሻ ሱባ ጫካ ድንኳን ተክለን ስናድር ትንሿ ልጄ "እማዬ፣ ቤታችን እንሂድ" እያለች ስታለቅስ አነጋች። ጋቢ ብደራርብላትም አልሞቃትም። ለካ ብርዱ የሚገባው ከሥር ኖሯል! ጫካው ያለው ወጨጫ ተራራ ጥግ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊት መሬቱ የሰውነትን ሙቀት ይመጥጣል።

አሁን ስንሄድ ከፍራሹ ሥር ካርቶንና ሸራ አነጠፍኩ፤ ከመተኛታቸው በፊትም ደረቅ ካልሲ አደረግኩላቸው። አንድ ጋቢ በቃቸው።

የቀረው ጅብ ነበር። ሲጮህ ሲደነግጡ "ዝም በሉ" ማለቱን ትቼ ስንቴ እንደጮኸና ከየት በኩል እንደሆነ አስቆጠርኳቸው። የተረፈውን ምግብም ራሳቸው ሰብስበው መኪና ውስጥ ቆለፉበት። ያኔ ፍርሃቱ ቀለላቸው፤ ትንሿ አራት ድረስ ቆጥራ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ስልክ የጠየቀኝ የለም። ጥዱ ላይ ጉሬዛ ተቀምጧል፣ ነጭ ጭራው ቁልቁል ተንዠርግጎ። የጉሬዛ አውራ ጣት ጉጥ ብቻ እንደሆነ ስነግራቸው ትልቁ ልጄ አውራ ጣቱን አጥፎ በአራቱ ብቻ ቅርንጫፍ ላይ ለመንጠልጠል ሲታገል አረፈደ። ቁርስ ብለን ብንጠራው እንኳ አልመጣም።