አምስት የነበሩት ዶሮዎች ሃያ ሲሆኑ፦ የጓሮ ዶሮ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በአምስት ዶሮ ነው የጀመርኩት። ጎንደር አዘዞ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ትንሽ ጥግ ነበረች። በቀን ሦስት አራት እንቁላል ይገኛል፣ ልጆቹ ይበላሉ፣ የተረፈው ለጎረቤት ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሃያ ሁለት ሆኑ። ጣጣው የመጣው ያኔ ነው። የውሃ መጠጫው፣ ቆጡ፣ እንቁላል መጣያው ሁሉም ለአምስት የተሠራ ነበር፤ የበዙት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰው «ዶሮዎቼን ምን ነካቸው?» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መድኃኒት አይደለም። ስንት ነበሩ? አሁን ስንት ናቸው? ቤቱስ አብሮ ሰፋ ወይ?

እንቁላሉ ድንገት ቀነሰ

ውሃውን እዩ። ከመኖው በፊት ውሃውን። የእንቁላል ውስጡ ከአራት ሦስት እጁ ውሃ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፣ በሙቀት ደግሞ ከዚያ በላይ። ሃያ ዶሮ ማለት 5 ሊትር ነው። ጎንደር ላይ የውሃን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቧንቧው ሲጠፋ ለቤት የሚሆን ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን፣ ዶሮዎቹ ትዝ የሚሉን ግን ከሰዓት ነው። እኔ ጋ የሆነው ይኸው ነበር። ጠዋት የሞላሁት መጠጫ ስድስት ሰዓት ላይ ደርቆ ይገኛል፣ ጉልበተኞቹ ጠጥተው ደካሞቹ ዳር ቆመው። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ያጣች ዶሮ ለቀናት እንቁላል ልታቆም ትችላለች፣ ከባሰም ላባዋን ማራገፍ ትጀምራለች። ሁለት መጠጫ አድርጉ፣ በሁለት ጥግ፣ አንዷ ጉልበተኛ ሁለቱንም መከልከል እንዳትችል። ለእነሱ ብቻ የተባለ አንድ ጀሪካንም ይኑር።

ውሃው ደህና ከሆነ ወደ መኖው ሂዱ። ለአንድ ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ያስፈልጋታል። መኖ ሲወደድ ሁላችንም የምናደርገው ፉርሽካ ጨምሮ ማብዛት ነው። ሆዷ ይሞላል፣ እንቁላሉ ግን ይቀራል፣ ምክንያቱም ፉርሽካ ብቻውን የሚበቃ ፕሮቲን የለውም። የኑግ ፋጉሎ ይረዳል፣ ግን እሱም ብቻውን መኖ አይሆንም፤ ከበቆሎና ከፉርሽካ ጋር የሚቀላቀል ነው። የጠላ አተላ ይወዳሉ፣ ትንሽ ትንሽ ስጧቸው፣ የተረፈውን ግን በዚያው ቀን አንሱት፤ ይሻግታል።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ጣይ ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። እኛ አገር በታኅሣሥ ቀኑ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ እንቁላል ሲቀንስ ዶሮዋ ታማለች ማለት አይደለም። መብራት መጨመር የሚፈልግ ሰው ከንጋቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ያብራላት እንጂ ማታ አይሁን። ማታ አምፖሉ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይውጣቸዋል። መብራቱ ዛሬ በርቶ ነገ የሚጠፋ ከሆነ ግን ባይጨመር ይሻላል፣ መዋዠቁ ራሱ ይረብሻቸዋል። ገና ላልጀመሩ ቄቦችም አትጨምሩ፣ ሰውነታቸው ሳይጠና መጣል ይጀምራሉ።

አንዳንዴ ደግሞ እየጣለች ነው፣ እናንተ ናችሁ ያላገኛችሁት። የምትለቀቅ ዶሮ ከአጥር ሥር ወይ ከእንጨት ክምር ጀርባ ቦታ አበጅታ ትጥላለች። እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ወይም 5 ሰዓት ዘግታችሁ አቆዩአቸው፣ አብዛኞቹ እስከዚያ ይጥላሉ። የምትጥለዋን ከማትጥለው መለየት ከፈለጋችሁ ያዙና ከጅራቷ በታች ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች ዳብሱ። በመሃላቸው ሁለት ሦስት ጣት ከገባ እየጣለች ነው። አንድ ጣት ብቻ ከሆነ አቁማለች።

የሀበሻ ዶሮ ከሆነች ልትታቀፍ ትችላለች። መጣያው ላይ ተኝታ አልነሳም ስትል፣ ስትነኳት ላባዋን ስትነፋ ታውቋታላችሁ። ቁልቁል ማንጠልጠልና አፍንጫዋን በላባ መውጋት የቆየ ልማድ ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ሥሩ አየር በሚያስገባ የሽቦ ወለል ላይ፣ ጭድ በሌለበት፣ ውሃና መኖ እያላት ሦስት አራት ቀን አቆዩአት። ሆዷ ሲበርድ ሐሳቧን ትተዋለች።

ቅርፊቱ ሳሳ፣ እንቁላላቸውን መብላት ጀመሩ

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ናቸው። አንድ ቅርፊት ወደ 2 ግራም ካልሲየም ይወስዳል። መኖው ያን ካልሰጣት ከአጥንቷ ታወጣለች፣ ቅርፊቱም እየሳሳ ይሄዳል፣ ከዚያ አንዱ መጣያ ውስጥ ይሰበራል፣ አንዷ ትቀምሰዋለች፣ ሌሎቹም ይማራሉ። የእንቁላል ቅርፊት ሰብስባችሁ ምጣድ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ ቅርፊት መሆኑ እስኪጠፋ ድረስ ውቀጡት። ከመኖው ጋር አትቀላቅሉት፣ ለብቻው በጣሳ አስቀምጡላቸው። የፈለገችው ትወስዳለች። ይህን የምለው መንጋው ሲያድግ ቄብና ጣይ አንድ ላይ ስለሚውሉ ነው፤ ገና ላልጀመረች ቄብ ብዙ ካልሲየም ኩላሊቷን ይጎዳል። የግንበኛ ኖራ ግን በፍጹም አትስጡ፣ ያቃጥላል።

መጣያውስ? ለአራት አምስት ዶሮ አንድ መጣያ ይበቃል። እኔ ለሃያ ሁለቱ ሁለት ነበረኝ፣ እዚያ ላይ ሦስት ሆነው ተጨናንቀው አንዱን ሰብረው ሳገኛቸው ነው የገባኝ። ጨርቅ አንጠልጥዬ ጨለም አደረግኋቸው፣ ቁጥራቸውን ወደ አምስት አሳደግሁ፣ እንቁላሉንም በቀን ሁለቴ መልቀም ጀመርኩ። በሁለት ሳምንት ቀረ።

አዲሶቹን ደም እስኪወጣቸው ይነክሷቸዋል

ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ዶሮ ገዝታችሁ በዚያው ቀን አትቀላቅሉ። ይህን ሁለት ጊዜ እላለሁ፦ አትቀላቅሉ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻ፣ ከተቻለም ወር ይቆዩ፣ በሌላ መጠጫ፣ እናንተም መጀመሪያ ነባሮቹን አይታችሁ በኋላ ወደ እነሱ ሂዱ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ያስገባኋት አንዲት ቀይ ዶሮ ከሳምንት በኋላ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ከዚያ ስድስቱ ተከተሏት።

ከዚያ ደግሞ መንከሱ አለ። ዶሮ ማን ከማን እንደሚቀድም ታውቃለች፣ አዲስ ሲመጣ ያ ሥርዓት እንደገና ይጀመራል። ለአንድ ሳምንት በሽቦ ተለያይተው ይተያዩ። ከዚያ ማታ፣ ቆጥ ላይ እንደተኙ፣ ቀስ ብላችሁ መሃል አስቀምጧት። አንዷን ብቻዋን ከማስገባት ሁለት ሦስት ማስገባት ይሻላል። ቆጡ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲሜትር ያህል ይኑረው። የደማች ካለች ግን ቶሎ ለዩአት፤ ደም ያዩ ዶሮዎች አይተዉም።

ቤቱ ይሸታል፣ ጫጩቶቹ ደም ይቀላቅላሉ

ይህ የክረምት ችግር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱ ይረጥባል፣ እኛም ብርድ እንዳይመታቸው ብለን ቀዳዳውን ሁሉ በማዳበሪያ ጆንያ እንወትፋለን። ስህተቱ እዚያ ነው። ዝቅ በሉና አፍንጫችሁን ዶሮዋ በምትቆምበት ከፍታ አድርጉ። ዓይናችሁን ከቆጠቆጠ እሷን ቀኑን ሙሉ እየቆጠቆጣት ነው። ንፋሱ ሰውነታቸውን እንዳይመታ ከታች ዝጉ፣ ከጣሪያው ሥር ግን ክፍት ይሁን። ከወለሉ አንድ እፍኝ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ጨብጡ። ስትለቁት እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፣ አውጡትና ደረቅ አስገቡ።

እርጥቡ ወለል ጫጩት ይገድላል። ከ3 እስከ 8 ሳምንት ባሉት ላይ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይበረታል፤ ላባቸውን ነፍተው ይቆዝማሉ፣ ኩሳቸው ደም ይቀላቅላል። የ45 ቀን ጫጩት ገዝታችሁ ያመጣችሁ እንደሆነ ልክ በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው ማለት ነው። ደም ካያችሁ አትጠብቁ። እንስሳት ሐኪም ጋ ሂዱ፣ አምፕሮሊየም የሚባል በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ወለሉን ሳታደርቁ መድኃኒቱን ብቻ ብትሰጡ ግን ተመልሶ ይመጣል።

በሁለት ቀን አምስቱ ሞቱ

ስለ ፈንግል ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ጠዋት ቤቱን ስትከፍቱ አንዷ አንገቷ ተጠማዞ ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ ሌላዋ አፏን ከፍታ ታቃስታለች፣ ኩሱ አረንጓዴና ውሃ ነው። አንዳንዴ ከዚያ በፊት እንቁላሉ ድንገት ይቆማል ወይም ቅርፊት አልባ ይሆናል። ፈውስ የለውም። ከሱቅ ገዝቶ የሚበጠበጥ ኦክሲ የባክቴሪያ መድኃኒት ነውና አያድናቸውም፣ በሽታው ቫይረስ ነው።

ያለው ክትባት ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ይመረታል፣ በክልሉ እንስሳት ጤና ክሊኒኮች ይገኛል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ። በዚያውም የጎረቤት ዶሮ ካልተከተበ የእናንተም ስጋት አይጠፋም። በበረዶ ይዛችሁ ኑ፣ ፀሐይ አያግኘው። በመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል፣ ክሎሪን የሌለው ውሃ ፈልጉ። አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ከልክላችሁ ስጧቸው፣ ቶሎ ይጨርሱታል። በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል፤ ክረምቱ ሊገባ ሲልና ከበዓል ገበያ በፊት እንዳያመልጣችሁ። የታመመች ዶሮ አትከተብም።

ከገባ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቀሪዎቹን ሳይሞቱ ልሽጥ ብላችሁ ገበያ አታውጡ። በሽታው ከሰፈር ሰፈር የሚሄደው በዚሁ ነው። የሞቱትን ወንዝ ዳር አትጣሉ፣ በጥልቅ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። እኔ ስምንት ቀብሬያለሁ። ጎረቤታችን እማማ አጠገቤ ቆመው «አይዞሽ ልጄ፣ አልሸጥሽም፣ ያ ነው ዋናው» ያሉኝን አልረሳውም።

ቀን ደህና ናቸው፣ አናታቸው ግን ገረጣ

አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከነጣ፣ ማታም ቆጥ ላይ መውጣት እምቢ ካሉ፣ ሌሊት የሚበላቸው አለ። ቀን ብታገላብጧቸው ምንም አታገኙም። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የስልካችሁን መብራት ይዛችሁ ግቡ፣ ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር ጠርጉ። እኔ የጠረግሁት ጨርቅ ላይ ቀይ መስመር መስመር ወጣ፤ የዶሮዎቹ ደም ነበር፣ በጥቃቅኖቹ ቅንቅኖች ሆድ ውስጥ የነበረ። ቀን እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ። ቆጡን አውጥቶ በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ከሐኪም የሚረጭ መድኃኒት መጠየቅ፣ ከሳምንት በኋላም መድገም ነው፤ የቅንቅኖቹ እንቁላል ይፈለፈላልና አንዴ አይበቃም። ለዶሮዎቹ ደግሞ የምድጃ አመድና ደረቅ አፈር በሳጥን አስቀምጡላቸው፣ ራሳቸው ይታጠቡበታል።

እንቁላሉ ተከማቸ፣ ይበላሻል

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ዶሮ ግን አትጾምም። በዚያ ላይ መጋቢትና ሚያዝያ የኛ ሙቀት ወራት ናቸው። በጾሙ መጀመሪያ የሚጣለውን ለሀበሻዋ አስታቅፉት፣ በ21 ቀን ይፈለፈላል፣ ደረቅ ወቅት ስለሆነም ጫጩቶቹ ይጸናሉ። ከዚያ አውራውን ለዩት። ሦስት ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ የሚጣለው እንቁላል ፅንስ አይኖረውም፣ በሙቀት ውስጡ ማደግ አይጀምርም።

አትጠቡት። ቅርፊቱ ላይ ጀርም የሚከለክል ስስ ሽፋን አለ፣ ውሃ ያነሳዋል። ቆሻሻውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ጥግ አስቀምጡ፣ ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። ከተጠራጠራችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፦ ከሥር በጎኑ ከተኛ ትኩስ ነው፣ ከቆመ ቆይቷል ግን ይበላል፣ ከተንሳፈፈ ጣሉት። እኔ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የማስቀረው የጾሙን የመጨረሻ አስር ቀን እንቁላል ነው። ያን ዕለት የተጣለ እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር ይነሳል፣ ሳምንት ያለፈው ግን ልስልስ ብሎ ይላጣል።