ከሕክምና የተመለሰ ጎረቤትን ወደ እድር ሥራ ስለ መመለስ

የአእምሮ ሕመም ይዞት ሲታከም የቆየ ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ከንፈር መምጠጥ ነው፤ የሥራ ተራ ግን አይጠብቀውም። ድንኳን ሲተከል አይጠራም፣ መዋጮ ሲሰበሰብ «እሱን ተዉት» ይባላል፣ ቡና ሲቀርብ ለሌላው በስኒ፣ ለእሱ በፕላስቲክ ኩባያ ይመጣለታል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በድሬዳዋ እድር፣ ወይም በሐረር እንደ እድር ያለውን አፎቻ ለሚመሩና እንዲህ ያለውን አባል ወደ ሥራው ለመመለስ ለሚፈልጉ ሰዎች ነው።

በመጀመሪያ ከኮሚቴው አንድ ሰው ብቻ ቤቱ ይሂድ፤ እሱም ታማሚው ቀድሞ የሚቀርበው ቢሆን ይመረጣል። አምስት ሽማግሌ ተሰልፎ ከገባ ጥየቃው ምርመራ ይመስላል። የሚሄደው ሰው ቤተሰቡን ከማነጋገሩ በፊት ታማሚውን ራሱን፣ ምን መሥራት እንደሚፈልግና ስለ ሕመሙ ለሌላው አባል ምን እንዲነገር እንደሚፈቅድ ይጠይቀው። የሕመሙ ስም በስብሰባ ላይ የሚነገር ጉዳይ አይደለም፤ ጠያቂ ቢነሳ «ታሞ ነበር፣ ሕክምናውን እየተከታተለ ነው» ማለት ይበቃል። ቤት ውስጥ ታስሮ ከተገኘ ደግሞ ቤተሰቡን መውቀስ አይጠቅምም፤ ብዙውን ጊዜ ያሰሩት ከጭካኔ ሳይሆን ከድካምና ከፍርሃት ነውና፣ በዚያው ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠርቶ የሕክምናውን መንገድ አብሮ መጀመር ይሻላል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚከታተሉ ከሆነም «ተዉት» አይባልም፤ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ጎን ለጎን እንዲሄድ መስማማት ነው።

ቀጥሎ ተራ ይሰጠው፤ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሥራው አጭር፣ ጅማሬና ፍጻሜው የታወቀ፣ ቢቀር ሰው የሚያስተውለው መሆን አለበት። እኔ ጸሐፊ በሆንኩበት እድር እንዲህ ላለ አባል የዕቃ ቆጠራ ሰጠነው። በአንድ ለቅሶ 72 ሰሃን ወጥቶ 71 ሲመለስ ሌሎቻችን «አንድ ሰሃን ምን ይባላል» ብለን ልንዘጋው ነበር፤ እሱ ግን አልፈርምም ብሎ ወጥ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ከበርበሬ መያዣው ላይ ተከድኖ አገኘው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰሃን የጠፋበት ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው።

መድኃኒቱ በሥራ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እንደ ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ያሉት መድኃኒቶች እጅን ሊያንቀጠቅጡ፣ አካልን ሊያገትሩና እንቅልፍ ሊያበዙ ይችላሉ፤ ይህን ስንፍና ወይም ስካር ነው ብሎ መተርጎም ትልቅ በደል ነው። መንቀጥቀጡ ከበዛ መጠኑ ሊስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሊቀየር ስለሚችል፣ በራሱ ፈቃድ ከማቋረጥ ይልቅ ለሐኪሙ መንገር ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን የሚቋቋምበትን አቅም ይቀንሳሉ፤ በተለይ ክሎርፕሮማዚን ቆዳን በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ስለዚህ በድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ድንኳን እንዲተክል ማሰለፍ ለእሱ ክብር ሳይሆን አደጋ ነው። ጠዋት ወይም ማታ፣ ጥላ ሥር፣ ውሃ በአጠገቡ ሆኖ ይሥራ።

በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚከብደው ጫት ነው። ጫት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪሙ «ተው» ይለዋል፤ ነገር ግን ወንዱ የሚገናኘው፣ የሚጫወተውና ወሬ የሚለዋወጠው በርጫ፣ ማለትም የጫት መቃሚያው ስብስብ ላይ ነውና፣ ጫት ተው የተባለ ሰው በተዘዋዋሪ ጓደኞችህን ተው ተብሏል። መፍትሔው ምክር መደጋገም ሳይሆን የመገናኛውን ሰዓት መቀየር ነው፤ ሁለት ጓደኞቹ በሳምንት ሁለት ጠዋት ፉል አብረውት ይብሉ፣ ወይም ፀሐይ ሲበርድ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ወክ ያድርጉ። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቤት ለቤት የሚደረግ እንዲህ ያለ ድጋፍ በአገራችን ተፈትኗል። በጉራጌው ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው 166 ሰዎች መካከል ከጤና ጣቢያ ሕክምና በተጨማሪ በሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለ12 ወራት የተጎበኙት፣ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ኑሯቸውን የመምራት ችግራቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

እንቅልፍ አጥቶ ቀናት ካለፉ፣ ምግብ ከተወ፣ ብቻውን ማውራት ከጀመረ ወይም ስለ ሞት ከተናገረ ብቻውን አይተውት፤ በድሬዳዋ ድል ጮራ፣ በሐረር ጁገል ሆስፒታል ይውሰዱት። ተኝቶ በሚታከምበት ጊዜ ተራውን ሌላ ሰው ይሸፍንለት፤ መዋጮውን ወንድሙ ወይም እኅቱ ይክፈሉለት፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ አይሰረዝ፣ የቆጠራ ደብተሩም እስኪመለስ ድረስ በእሱ ስም ይቆይ።